ሁዳዴን ከቲክቶክና ከፌስቡክም ልጹም ብዬ ነው፤ ሥራውም ልቅሶውም ሳያመልጠኝ እንዴት ላድርገው?

የሰሚቷ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ይረዝምብኛል፣ ታገሱኝ።

ሁዳዴ ሊገባ ነው። ዘንድሮ ከሥጋና ከወተቱ ጋር ቲክቶክንና ፌስቡክንም ልተው አስቤያለሁ። ለነፍሴ ብቻ ብዬ አይደለም፣ ለጤናዬም ነው። እንቅልፍ የለኝም። ማታ እራት ተበልቶ፣ ዕቃው ታጥቦ፣ ጋደም ስል ስልኬን አነሳለሁ። አንድ ቪዲዮ አይቼ ልተኛ እላለሁ። ቀና ስል ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል። የሌሊት ጥቅል ደግሞ ከቀኑ ስለሚረክስ ዳታ የምገዛው ለሌሊት ነው፣ ከገዛሁት በኋላ ጊዜው ሳያልፍ ልጨርሰው እያልኩ ሳልተኛ የማድርበት ቀን አለ። ጠዋት ሥራ የምገባው ዓይኔ ቀልቶ ነው፣ ሰው ሲያናግረኝ ሁለቴ ካልተደገመልኝ አይገባኝም።

እንቅልፉ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የማየው ነገር ራሱ ይከብዳል። አንዱ ቪዲዮ ሠርግ ነው። ቀጥሎ መንገድ ላይ የወደቀ አስከሬን ነው፣ ሳልነካው ራሱ ይከፈታል። ቀጥሎ ካናዳ የገባችው የክፍሌ ልጅ በረዶ ላይ ስትስቅ ነው። ቀጥሎ አንዱ ተነስቶ የሌላውን ብሔር ሲያዋርድ ነው። ኮመንቱን ሳልከፍት ማለፍ ያቅተኛል። ከዚያ የማላውቀው ሰው የጻፈው ስድብ እስከ ማግስቱ ከልቤ አይወጣም። ጎረቤቴ ጋ ቡና እየጠጣሁ፣ እሷ ስለ ልጇ ትምህርት ስታወራኝ፣ እኔ በሆዴ ለዚያ ሰው መልስ እየሰጠሁ ነው።

"ታዲያ ለምን አትዘጊውም?" እንዳትሉኝ። ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው፣ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ በሙሉ የሚላከው በቴሌግራም ነው። የዕቁባችን ግሩፕም ቴሌግራም ላይ ነው። ዘመዶቼ ዋትሳፕ ላይ ናቸው። ልቅሶና ሠርግ የምሰማው ደግሞ ከፌስቡክ ነው። በቅርቡ አብሮ አደጌ እናቱ ሞተው የደረስኩት ፖስቱን ስላየሁ ነው፣ ማንም አልደወለልኝም። ሁሉም "ፌስቡክ ላይ አይታዋለች" ብሎ ነው የሚያስበው።

እና ጥያቄዬ፦ ሞክራችሁ የተሳካላችሁ ካላችሁ እንዴት አደረጋችሁት? ሙሉ በሙሉ መውጣት ነው የሚሻለው ወይስ መቀነስ? ከፋሲካ በኋላ ስመለስስ ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ከሆነ ምን ዋጋ አለው? እባካችሁ "ጠንከር በይ" ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ፣ እሱን እኔም ለራሴ ስለው ነው የከረምኩት።


ስልክ ጠጋኙ

እህቴ፣ ስልክ ጥገና ነው የምሠራው፣ ይህን ጥያቄ ሱቅ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። ከልምድ ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ሁለት ነገር ለይ። ሰዎችሽ ያሉበት ቦታ አንድ ነው። ማለቂያ የሌለው ቪዲዮ የሚወርድበት ቦታ ሌላ ነው። እንቅልፍ የነሳሽ ሁለተኛው ነው። የዕቁቡ ግሩፕ እስከ ሰባት ሰዓት አላስመሸሽም። ስለዚህ ቴሌግራሙንም ዋትሳፑንም አብረሽ ልዝጋ ካልሽ ሥራሽ ይበላሻል፣ በሦስተኛው ቀን መልሰሽ ትከፍቻለሽ፣ ከእሱ ጋር ቲክቶኩም ተከትሎ ይመለሳል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።

ደግሞ ራስሽን አትውቀሽ። ድሮ አንድ ገጽ አንብበሽ ስትጨርሺ ታች ላይ "ቀጣይ" የሚል ነበር፣ እዚያ ጋ ሰው ቆም ብሎ ሰዓቱን ያያል። በፈረንጆቹ 2006 ኤዛ ራስኪን የሚባል ዲዛይነር ያንን ማቆሚያ አስቀርቶ ጣትሽን ባንሸራተትሽ ቁጥር ሌላ እንዲመጣ አደረገው። በኋላ ራሱ ሰውዬው ተጸጽቻለሁ ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። ማቆሚያ የሌለው ሆኖ ነው የተሠራው፣ ስለዚህ ማቆሚያውን አንቺ ነሽ የምታበጂለት።

አሁን አሠራሩ። አንድ ነገር በደንብ ስሚኝ፦ ዲሊት እንዳታደርጊ። ፌስቡክ አካውንትሽን ዲሊት ካልሽ 30 ቀን ይጠብቅሻል፣ በዚያ ውስጥ ካልተመለስሽ ፎቶሽም ጓደኞችሽም ይጠፋሉ። ቲክቶክም እንደዚያው 30 ቀን ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ፋሲካ ሳይደርስ የስንት ዓመት ፎቶሽ ሄደ ማለት ነው። ዲአክቲቬት ነው የምታደርጊው። ፌስቡክን ዲአክቲቬት ስታደርጊ ገጽሽ ለሰው አይታይም፣ ግን ሁሉም ነገር እንዳለ ይቆይሻል፣ ሜሴንጀሩም መሥራት ይችላል። ቲክቶክን ደግሞ አካውንቱን ሳትነኪ አፑን ብቻ ከስልኩ አጥፊው። ስልክሽ ፌስቡክን ይዞ የመጣ ዓይነት ከሆነ አልጠፋም ይልሻል፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ዲሴብል በይው።

ቴሌግራም ላይ ፎልደር ክፈቺና መሥሪያ ቤቱን፣ ዕቁቡን፣ ቤተሰቡን ብቻ እዚያ አስገቢ። የዜናና የቀልድ ቻናሎቹን ውጪባቸው ወይም አርካይቭ አድርጊና ድምፃቸውን ዝጊ። ቻናል እንደ ፌስቡክ አይመስልም እንጂ አንዳንዱ ከፌስቡክ ይብሳል፣ በቀን መቶ ፖስት የሚለቅ አለ። ዋትሳፕ ላይ ስቴተሱን ሚዩት ማድረግ ይቻላል።

የሌሊት ጥቅል መግዛት አቁሚ። እውነቴን ነው፣ ከሁሉም በላይ የሚረዳሽ ይሄ ነው። ቀን ቀን የሚሠራ ትንሽ ጥቅል ግዢ። ብር ትንሽ ሊጨምርብሽ ይችላል፣ እንቅልፍሽን ግን ታገኚያለሽ። ስልኩን ደግሞ ሳሎን ቻርጅ አድርጊው፣ አጠገብሽ አይደር። "አላርሜ እኮ እሱ ነው" የሚል ሰው ብዙ ነው፣ መርካቶ ሄደሽ በባትሪ የሚሠራ የጠረጴዛ ሰዓት ግዢ።


ቦሌ ሚካኤል

ስልክ ጠጋኙ ያለው ጥሩ ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር።

የካቲት 2015 ላይ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ተዘግተው እስከ ሐምሌ መቆየታቸውን ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ እኔ በዙሪያዬ እፎይ ያለ ሰው አላየሁም። ሁሉም ቪፒኤን አውርዶ፣ ባትሪውን ጨርሶ፣ ዳታውን ጨርሶ፣ ከበፊቱ የባሰ ሲጨነቅ ነበር። ምን ተፈጠረ፣ ማን ምን አለ፣ የኔ ቪፒኤን አልሠራም፣ ያንተ ይሠራል? እሱ ነበር ወሬው። ሲከፈት ደግሞ ሁሉም እንደ ተራበ ሰው ነው የገባበት።

ይህን የምለው ለምንድን ነው፣ ተከልክሎ መተውና ወስኖ መተው አንድ አይደሉም። ባልሽ ወይም እህትሽ ፓስወርዱን ቀይረው ይያዙልሽ የሚል ምክር ከሰማሽ አትቀበይ። ከነሱ ጋር ስትጣይ ነው የምትከርሚው። ራስሽ ዝጊው፣ ለምን እንደዘጋሽውም ወረቀት ላይ ጻፊና ቁም ሣጥንሽ ላይ ለጥፊው።


አዋላጅ የነበርኩ

ፌስቡክ ምን አደረገ? ኑሮው ነው የሚያስጨንቀን። የቤት ኪራይ፣ የዘይት ዋጋ፣ የመንገድ ሰላም ማጣት። ስልኩን ብትዘጊው እነሱ አይዘጉም። እኔ የምፈራው ሰው ስልኩን ዘግቶ "ድኛለሁ" ብሎ እውነተኛውን ጭንቀቱን ለማንም ሳያወራ እንዳይቀር ነው። ዝጊው፣ ደግ ነው፣ ግን ያን ጊዜ የሚተርፍሽን ሰዓት ከሰው ጋር አሳልፊው።


የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነኝ

ከላይ "ኑሮው ነው" ያልሽው እህት፣ ትክክል ነሽ፣ ሁለቱ ግን አይጣሉም። ኑሮ ያስጨነቀው ሰው ሌሊቱን አስከሬንና ስድብ ሲያይ ካደረ ጠዋት ያንኑ ኑሮ የሚሸከምበት ጉልበት አይኖረውም።

የሰሚቷ ለጠየቀችው ሁለት ጥያቄ ጥናት ስላለ ላካፍል። "መውጣት ወይስ መቀነስ?" ላልሽው፣ በፈረንጆቹ 2018 ፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 143 ተማሪዎች ላይ የተሠራ አለ። ግማሾቹ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ስናፕቻትን በቀን ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ብቻ እንዲጠቀሙ ተደረገ፣ ለሦስት ሳምንት። ብቸኝነታቸውም የድብርት ስሜታቸውም ቀነሰ። ሙሉ በሙሉ አልወጡም እንግዲህ። መቀነስም ይሠራል ማለት ነው፣ የምትቀንሺው በደንብ ከሆነ።

"ስመለስ ያው ከሆነስ?" ላልሽው ደግሞ፣ በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ የምርጫ ሰሞን ከ2,700 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ነበር። የተወሰኑት ገንዘብ ተከፍሏቸው ፌስቡክን ለአራት ሳምንት ዘጉ። በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ተረፋቸው። የተረፈውን ሰዓት ቴሌቪዥን በማየትና ከቤተሰብና ከጓደኛ ጋር በመሆን ነው ያሳለፉት። የደስታቸው ለውጥ ትንሽ ነበር፣ ግን ነበር። ፖለቲካ ላይ የነበራቸው ጽንፍም ረገብ አለ። ዜና ማወቃቸው ግን ቀነሰ፣ ይህንንም ማወቅ አለብሽ። ለአንቺ የሚጠቅመው የመጨረሻው ነው፦ ሙከራው ካለቀ በኋላ በአማካይ እንደ ድሮው አልተመለሱም፣ አጠቃቀማቸው ከበፊቱ ቀንሶ ነው የቀጠለው። ሁሉም ጥናት እንደዚህ ጥሩ ውጤት አላገኘም፣ ለውጥ ያላዩም አሉ፣ ስለዚህ ተአምር አትጠብቂ።

አሁን ደግሞ ዋናውን ልበል። ስልኩን ዘግተሽ ሁለት ሳምንት አልፎም እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ምግብ ካልበላሽ፣ ድሮ የምትወጂው ነገር ካስጠላሽ፣ ወይ መኖሩ ራሱ ትርጉም ካጣብሽ፣ ችግሩ ስልኩ ብቻ አይደለም ማለት ነውና ወደ ሐኪም ሂጂ። የመሞት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ሁለት ሳምንቱን አትጠብቂ፣ ያንኑ ቀን ለቅርብ ሰው ንገሪና አብራችሁ ሂዱ። አማኑኤል አለ፣ ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም የሥነ አእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። አማኑኤል ታየሁ ማለት የሚያሳፍር የሚመስለው ሰው አሁንም ብዙ ነው። እዚያ የሚመጣው ግን መምህሩ፣ ነጋዴው፣ ተማሪው፣ እናቱ ነው። እንቅልፍ አጣሁ ብሎ መምጣት በቂ ምክንያት ነው።


ከቤይሩት

ሁላችሁም ተው፣ ዝጊ፣ አጥፊ ትላላችሁ። እኔ የሰው ቤት ነው የምሠራው። ለኛ ስልክ ማለት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ክፍሌ ከኩሽናው ጎን ነች። መስኮት የላትም። ማታ ሥራ ጨርሼ በሩን ስዘጋ በራሴ ቋንቋ የሚያናግረኝ ስልኬ ብቻ ነው። እዚህ 2012 ላይ የሀገሩ ገንዘብ ሲወድቅ ስንት ሴት በአሠሪዎቿ መኪና ተጭና መጥታ ከነሻንጣዋ ቆንስላው በር ላይ ተጥላለች። መንገድ ላይ ያደሩትን ልጆች ቪዲዮ በየቦታው ያሰራጨው ሶሻል ሚዲያ ነው፣ ምግብና ፍራሽ የመጣላቸው ሰው ስላያቸው ነው። ያው ዓመት ሐምሌ 28 ወደቡ ሲፈነዳ ማን በሕይወት እንዳለች የተፈላለግነው በፌስቡክና በዋትሳፕ ነው። ስለዚህ የሰው ቤት ላለች እህት "ሙሉ በሙሉ ውጪ" የሚል ምክር አልሰጥም። አደጋ ሲመጣ ማንም አያገኛትም።

እኔ የተውኩት ምን መሰላችሁ፣ የቲክቶክ ላይቩን ነው። ሌሊት ሁለት ሰው ተቀምጦ ይፋለማል፣ "ታፕ ታፕ አድርጉ፣ አትተዉኝ፣ ስጦታ ላኩ" ይላል፣ እኛ ደግሞ እንልካለን። የማውቃት ልጅ ነበረች፣ ለእናቷ ቤት ማደሻ ያጠራቀመችውን ብር፣ አንበሳ የሚባለውን ስጦታ እየገዛች፣ ምን እያለች ላይቭ ላይ ለማታውቀው ሰው የላከች። ስሟን ሲጠራላት ደስ ይላታል። ቀኑን ሙሉ ማንም በስሟ አይጠራትማ። እኔ ያንን ሳይ ነው የተውኩት። ኢሞና ዋትሳፑን ግን አልተውም። እናቴ ማንበብ አትችልም፣ ድምፅ ትልክልኛለች። ከጀርባዋ ዶሮው ይሰማል፣ ሬዲዮው ይሰማል፣ አንዳንዴ "ቆይ ወተቱ ገነፈለ" ብላ ሳትጨርስ ትሄዳለች። ማታ ቪዲዮ ከማየት እሱን ደጋግሜ እሰማለሁ።

ካናዳ ስላለችው ጓደኛሽ ደግሞ አንድ ነገር። እኔም የእሁድ ፎቶ አለኝ። ባሕሩ ዳር፣ መነጽር አድርጌ፣ ጫማዬን አሳይቼ። ሀገር ቤት ያሉት ያንን አይተው "አለፈላት" ይላሉ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለውን ፎቶ አላነሳውም። ልጅቷን ፎቶዋን ከምታዪ ደውይላት። ምናልባት ማንም አይደውልላት ይሆናል።


ጋሼ ከቨርጂኒያ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ እንደናንተ ቶሎ ቶሎ አልጽፍም። ልቅሶ የሚለውን ሳነብ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

በኛ ወግ መርዶ በየመንገዱ አይወረወርም። ሰው ሲሞትበት ዘመድና ሽማግሌ ተጠራርቶ፣ ማልዶ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ይሄዳል። ለብቻው አይነገረውም። የሚይዘው ሰው አጠገቡ አለ፣ የሚያለቅስለት ሰው አብሮት አለ፣ የምታስተናግድ ሴት ኩሽና ገብታለች። እዚህ አሌክሳንድሪያም ሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለነው ሰዎች ያንን ወግ ይዘን ነው የኖርነው። ሰውየው ከሥራ እስኪወጣ ተጠብቆ፣ መኪና ሙሉ ሰው ሆነን ሄደን ነው የምንነግረው።

የአጎቴን ሞት ግን የሰማሁት ሥራ ቦታ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከስልክ ነው። ሻማ፣ ከሻማው ሥር የሱ ፎቶ፣ ከፎቶው ሥር "ነፍስ ይማር" የሚል የብዙ ሰው ጽሑፍ። ሀገር ቤት ያለ ዘመድ ለጥፎት ነው። ክፋት አስቦ አይደለም። ሳንድዊቹ በእጄ እንዳለ ነው የቀረሁት። አጠገቤ የነበሩት የሥራ ባልደረቦቼ ምን እንደሆንኩ አያውቁም። ደጋፊ በሌለበት መርዶ መስማት ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ ፌስቡክ የለኝም።

ታዲያ ልቅሶ አመለጠኝ? አላመለጠኝም። ያደረግሁት ይህን ነው። ለዘመዶቼ በሙሉ ደውዬ "እኔ ፌስቡክ ላይ የለሁም፣ ክፉም ደግም ሲሰማ ለእህቴ ልጅ ንገሯት፣ እሷ ትነግረኛለች" አልኳቸው። ልጅቷም ኃላፊነቱን ተቀበለች። አሁን ከድሮው የበለጠ ነው የምሰማው። ድሮ ሁሉም "አይቶታል" ብሎ ይተወኝ ነበር። አሁን እንደማላይ ያውቃሉና ይደውላሉ።

የሰሚቷ ልጄ፣ አንቺም ሰፈርሽ ዕድር አለ። የዕድሩ ጸሐፊ ስልክ ይኑርሽ፣ የአንቺም እሳቸው ጋ ይኑር። ከቤይሩት የጻፍሽው ልጄ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ፣ እናትሽን እንደ ልብሽ ለማየት ያብቃሽ። ስልክሽን አትተይ፣ እውነትሽን ነው።


የሰሚቷ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የጻፉትን ለእናቴ አነበብኩላት፣ እንባዋ መጣ። ከቤይሩት የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ካናዳ ያለችውን ልጅ ዛሬ ደውዬላት ነበር። ብዙ አወራን። የሌሊት ፈረቃ ነው የምትሠራው፣ ካናዳ ከገባች ጀምሮ ከሀገር ቤት የደወለላት ከቤተሰቧ ሌላ እኔ ብቻ ነኝ።

ዲሊት ላደርግ ነበር፣ የ30 ቀኑን ነገር አላውቅም ነበር። ስልክ ጠጋኙ፣ ተባረክ። ፌስቡኩን ዲአክቲቬት፣ ቲክቶኩን ከስልኬ ማጥፋት፣ ቴሌግራሙን ፎልደር አድርጌ መያዝ፣ በዚህ ወስኛለሁ። ሰዓቱንም ቅዳሜ እገዛለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። አለቃዬ ማታ ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት ላይ ቴሌግራም ላይ ይጽፋሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ሲያስታውሱት ነው የሚጽፉት። ካልመለስኩ ግን የሚቀየሙኝ ይመስለኛል፣ ስለዚህ ስልኩን ሳሎን ትቼ ብገባም እየተነሳሁ ማየቴ አይቀርም። ይህን እንዴት ልበላቸው?


የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነኝ

በአካል ንገሪያቸው፣ በጽሑፍ አይሁን። ጠዋት ቢሮ ገብተሽ "በጤና ምክንያት ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ስልኬን እዘጋለሁ፣ የጻፉልኝን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አይቼ እመልሳለሁ፣ በጣም የሚያስቸኩል ነገር ካለ በቀጥታ ይደውሉልኝ" በይ። ከዚያ የተናገርሽውን ጠብቂ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ካልሽ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መልሺ። ብዙ አለቃ የሚከፋው መልስ መቼ እንደሚመጣ ሳያውቅ ሲቀር ነው። ስልኩ ላይ ጥሪ ብቻ እንዲሰማ፣ ሌላው ድምፅ እንዳይሰማ ማድረግ ይቻላል፣ ስልክ ጠጋኙ ያሳይሽ።


ስልክ ጠጋኙ

አዎ፣ "አትረብሽ" የሚለውን ከፍተሽ እናትሽንና አለቃሽን ብቻ እንዲደውሉ ፍቀጂ። ሰዓትም ሊሞላለት ይችላል፣ ከሦስት ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ብለሽ ሙይው፣ በየማታው ራሱ ይዘጋል። ማሳያውንም በዚያው ሰዓት ጥቁርና ነጭ እንዲሆን ማድረግ ትችያለሽ። ቀለሙ ሲጠፋ ቪዲዮው ብዙም አያጓጓም።


የደሴ ልጅ

ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኛም ረመዳን ደርሶብናል፣ ችግሬ ደግሞ ካንቺ አንድ ነው። ከተራዊህ ስንመለስ እስከ ሱሑር ልንቃ ብለን ስልክ ይዘን እንቀመጣለን፣ የሱሑሩ ሰዓት ሲደርስ ቁርኣን ሳንከፍት ቲክቶክ ላይ አድረናል። ታናሽ ወንድሜም እንደዚያው ነው፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄድ እየተንገዳገደ ነው።

ለዘመድና ለጓደኛ የምልከውን እንዲህ ብዬ ጽፌዋለሁ፣ ከፈለግሽ አንቺም ውሰጂው፣ ረመዳን የሚለውን ሁዳዴ በይው፦ "ወገኖቼ፣ ረመዳኑን በሙሉ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አልኖርም። ሐዘን፣ ሕመም ወይም ደስታ ሲኖር ደውሉልኝ ወይም በቴክስት ላኩልኝ፣ አይታዋለች ብላችሁ አትለፉኝ።" ዛሬ ማታ እልከዋለሁ። አንቺም ሰኞ ስትጀምሪ ላኪውና ከኢድና ከፋሲካ በኋላ እንዴት እንደሄደልን እዚሁ እንጻጻፍ።